መካነ ሥላሴ፤ በቤተ አምሐራ የነበረው የነገሥታት ቤተ ክርስቲያን

በአገራችን ታሪክ ስማቸው ከፍ ብሎ ከሚጠራው አብያተ ክርስቲያናት መካከል ብዙዎቹን ምእመናን በዐይናቸው አይተው ያውቋቸዋል። አክሱም ጽዮንን ያልተሳለመ ላሊበላን ተሳልሞ ይሆናል፤ ላሊበላን ያላየም ግሸን ደብረ ከርቤን ወይም ጣና ቂርቆስን አይቶ ይሆናል። ከእነዚህ ጋር በአንድነት በክብር ይቆጠር የነበረ፣ ከእኛም ዘመን አምስት መቶ ዓመት ያህል ብቻ የራቀ፣ ነገር ግን የቀድሞ ሕንፃውን ዛሬ ማንም ሊያየው የማይችል አንድ ቤተ ክርስቲያን ነበረ። እርሱም በቤተ አምሐራ፣ አሁን ደቡብ ወሎ በምንለው አገር የነበረው መካነ ሥላሴ ነው።

ስሙን ስንጠራ አስቀድመን አንድ ነገር ማስረዳት ይገባናል። መካን በግእዝ ስፍራ ማለት ነው፤ ስለዚህ መካነ ሥላሴ የሥላሴ ስፍራ፣ መካነ ሰላም የሰላም ስፍራ ማለት ይሆናል። በአማርኛ ግን መካን ሲባል የማይወልድ ማለት ስለ ሆነ፣ ግእዝ ያልቀመሱ ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ይሥቃሉ። ፊደሉ አንድ ሆኖ ንባቡ የተለያየ መሆኑን፣ አንደኛው ሲጠብቅ ሁለተኛው እንደሚላላ ሲነገራቸው ግን ወዲያው ይገባቸዋል። የቦረና ዋና ከተማ የሆነችው መካነ ሰላምና የነገሥታቱ መካነ ሥላሴም ስማቸው ይቀራረብ እንጂ ሁለት ስፍራዎች ናቸው፤ አንዱን በሌላው መተካት አይገባም።

ቤተ አምሐራ ይባል የነበረው አገር በበሽሎና በወንጪት ወንዞች መካከል ያለው፣ በምዕራብም እስከ ዐባይ ገደል የሚደርሰው ደጋ ነው። ዛሬ ቦረና፣ ሳይንት፣ ለጋምቦ፣ ከላላ፣ ወግዲ፣ ወረኢሉ እየተባሉ የሚጠሩት ወረዳዎች በዚያ ውስጥ ይገኛሉ። ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የተጓዘ ሰው የአገሩን ጠባይ ያውቀዋል። ላይ ላዩን ሲሄዱ ሜዳው የሚያልቅ አይመስልም፤ ብርዱም በቀትር እንኳ ጋቢ ያስደርባል። ጥቂት ወደ ዳር ጠጋ ሲሉ ግን ምድሪቱ በድንገት ትቆረጥና ዐይን እስኪፈዝ ድረስ ገደል ይወርዳል። ሰው ያልሠራው ቅጥር ማለት ይህ ነው፤ የቀድሞ ነገሥታትም መቃብራቸውንና ዕቃ ቤታቸውን በዚህ ደጋ ላይ ለማድረግ የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሌላም ምክንያት ነበረ። በ1263 ዓ.ም. ዐፄ ይኩኖ አምላክ በመንገሣቸው የተመለሰው የሰሎሞን ሥርወ መንግሥት ሥሩ በዚሁ በቤተ አምሐራ ነበረ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በምሥራቅ በኩል ጎረቤት ነው፤ የነገሥታቱ ልጆች ይጠበቁባት የነበረችው አምባ ግሸንም ከዚያ ሩቅ አይደለችም። በቦረና በረሓ ደግሞ ጋሥጫ አለ። በዚያ ገዳም የኖሩትና ሐምሌ 7 ቀን 1417 ዓ.ም. ዐረፉ የሚባሉት አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ መጽሐፈ ምሥጢርን፣ አርጋኖንንና ሰዓታትን ለቤተ ክርስቲያናችን ያበረከቱ ሊቅ መሆናቸውን ሰዓታት ለመቆም ሌሊት ከቤቱ የወጣ ምእመን ሁሉ ያውቃል። ሐምሌ 7 ቀን ደግሞ የሥላሴ በዓል ነው። ከ1460 እስከ 1471 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ በእደ ማርያም አትሮንስ ማርያምን በዚሁ አገር አከበሩ፤ የቀደሙትንም ነገሥታት ዐፅም ሰብስበው በዚያ አሳረፉ። ዐፄ እስክንድር የተቀበሩት በዚሁ በቤተ አምሐራ በገነተ ጊዮርጊስ ነው። እንግዲህ አገሩ ሁሉ የነገሥታት መቃብርና የሊቃውንት ማኅበር ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዐፄ እስክንድር በኋላ፣ በ1487 ዓ.ም. ወንድማቸው ዐፄ ናዖድ ነገሡ። ስለ እርሳቸው አባቶቻችን የሚተርኩት አንድ ነገር አለ። ከፍጥረተ ዓለም ጀምሮ 5500 ዓመተ ዓለም፣ ከዚያም 1500 ዓመተ ምሕረት ሲደመር 7000 ይሆናል። ስለዚህ ከ1500 ዓ.ም. በኋላ የሚመጣው ስምንተኛው ሺሕ ነው። ያ ዘመን መከራ የሚበዛበት መሆኑን ዐፄ ናዖድ ሰምተው፣ ስምንተኛውን ሺሕ አታሳየኝ ብለው እግዚአብሔርን ይለምኑ ነበር ይባላል። ነሐሴ 7 ቀን 1500 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ዘመኑ ሊለወጥ አንድ ወር እንኳ አልቀረውም ነበር። ትረካው ከሞታቸው በኋላ ተያይዞ የመጣ ነው የሚል ቢኖር አልከራከረውም። ዘመኑ ግን ይገጥማል፤ ከእርሳቸው በኋላ የመጣውም መከራ በታሪክ የታወቀ ነው።

ዐፄ ናዖድ የመካነ ሥላሴን ሥራ የጀመሩት በዘመነ መንግሥታቸው መጀመሪያ ነው። ከሞቱ በኋላ መታሰቢያቸው ሊሆን፣ መቃብራቸውም በዚያ ሊሆን አስበው ነበር። ነገር ግን ሕንፃው ሳይፈጸም ዐረፉ። ልጃቸው ልብነ ድንግል፣ ወናግ ሰገድ የተባሉት፣ ገና የዐሥራ አንድ ወይም የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ ነገሡ። አገሩን በእርሳቸው ስም ያስተዳድሩ የነበሩት ታላቂቱ እቴጌ እሌኒና እናታቸው ናዖድ ሞገሳ ነበሩ። እሌኒ ከዐባይ ማዶ መርጡለ ማርያምን በጥርብ ድንጋይ ያሠሩት እቴጌ ናቸው። የዚያ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ዛሬም ቆሞ ይታያል፤ በድንጋዩ ላይ የተፈለፈለውን ጌጥ ያየ ሰው የዚያ ትውልድ ጠራቢዎች እጃቸው እንዴት ያለ እንደ ነበረ ይረዳል። እንግዲህ መካነ ሥላሴ የተሠራው በእነዚህ ሰዎች ዘመንና በእነዚህ ጠራቢዎች ትውልድ ነው። ልብነ ድንግልም ካደጉ በኋላ አባታቸው የጀመሩትን ፈጽመው፣ ዐፅማቸውን ወደዚያ አፈለሱ።

የሕንፃውን መልክ የምናውቀው በተለይ በሁለት ሰዎች ጽሑፍ ነው። አንደኛው እንግዳ ነበረ፤ ሁለተኛው የአጥፊው ሠራዊት ታሪክ ጸሐፊ ነበረ። ሁለቱ በአንድ ነገር ላይ ሲስማሙ ማመን ይገባል፤ ሲለያዩ ደግሞ ማመዛዘን ያስፈልጋል።

እንግዳው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለ የፖርቱጋል ቄስ ነው። እቴጌ እሌኒ ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ልከው ስለ ነበር፣ መልሱን ይዞ በሚያዝያ ወር 1512 ዓ.ም. ምጽዋ ከደረሰው የሮድሪጎ ዴ ሊማ መልእክት ጋር መጣ። እስከ 1518 ዓ.ም. ድረስ በአገራችን ተቀምጦ ከቤተ መንግሥቱ ሰፈር ጋር ሲዘዋወር ኖረ። መጽሐፉም በሊዝቦን ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1540 ታተመ። ይህ ቄስ የሌላ ሃይማኖት ሥርዐት ሰው ቢሆንም ያየውን በትዕግሥት የሚጽፍ ሰው ነበረ። ኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን ሲያዩ ከበቅሎ እንደሚወርዱ፣ ጫማቸውን አውልቀው እንደሚገቡ፣ በውስጡ እንደማይተፉና እንደማይሥቁ ልብ ብሎ ጽፎአል። እናቶቻችን ዛሬ ለልጆቻቸው የሚያስተምሩት ሥርዐት ከዚያ ዘመን ሥርዐት የተለየ አለመሆኑን ከባዕድ እጅ ማንበብ ደስ ያሰኛል።

ስለ መካነ ሥላሴ ሲጽፍም እንዲህ ያለ ነገር ይነግረናል። ቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ቅጥር ነበረው፤ አንደኛው በድንጋይ የተሠራ ነው፣ ሁለተኛው የእንጨት ሆኖ እጅግ ሰፊ ቦታ የከበበ ነው። ግንቡ ደኅና ሆኖ በተጠረበ ድንጋይ የታነጸና ጌጥ የተፈለፈለበት ነበረ። ዋናው በር ከሩቅ ሲታይ መላው ወርቅ ይመስል ነበር፤ ቀርቦ ሲያየው ግን በስሱ የተቀጠቀጠ የወርቅና የብር ልባጥ ሆኖ በመካከሉ የከበሩ የሚመስሉ ድንጋዮች የተሰኩበት ነው። ውስጡ በዓምዶች ረድፍ ለሦስት የተከፈለ ሰፊ አዳራሽ ሲሆን፣ ግድግዳው በሥዕል ያጌጠ ነበር። ወርቀ ዘቦ መጋረጃም በብዛት ተሰቅሎበታል። ከውጭ ደግሞ ዙሪያውን የሚከብ ደጀ ሰላም መሰል በረንዳ ነበረው፤ ያንን በረንዳ የተሸከሙት 36 የእንጨት ዓምዶች ሲሆኑ፣ ቁመታቸው እንደ መርከብ ምሰሶ ረዥም ነበረ ይላል።

የዛሬ አንባቢ ይህን ሲያነብ በሐሳቡ ክብ ቤተ ክርስቲያን እንዳይስል እለምነዋለሁ። በገጠራችን አሁን የሚበዛው፣ ቅኔ ማኅሌቱ በዙሪያ፣ ቅድስቱ በመካከል፣ መቅደሱ በእምብርቱ ሆኖ የሚሠራው ክብ ሕንፃ በብዛት የተስፋፋው የድንጋዮቹ አብያተ ክርስቲያናት ከጠፉበት ከዚያ ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው። የነገሥታቱ ሕንፃ ግን ከአክሱም ዘመን ጀምሮ የመጣውን ባለ አራት ማዕዘን ሥርዐት የተከተለ ነበር፤ በረድፍ ዓምድ ለሦስት መከፈሉም ይህንኑ ያመለክታል። ምሳሌ ለሚፈልግ ሰው፣ በላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም ዙሪያውን በዓምድ ተከቦ ቆሞአል፤ እርሱ ከአንድ ዐለት ተፈልፍሎ የወጣ ሲሆን መካነ ሥላሴ ደግሞ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተነባበረ የታነጸና በእንጨት ዓምድ የተከበበ ነበረ። በጎንደር ያለው ደብረ ብርሃን ሥላሴም ባለ አራት ማዕዘን ነው። ይህን በስፋት አሳድጎ፣ በድንጋይ ጥርብ አስጊጦ፣ በሩን በወርቅ ልባጥ አስለብሶ ያሰበ ሰው ከእውነቱ ብዙ አይርቅም።

መቃብረ ነገሥት በሥላሴ ስም መሆኑም እንግዳ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ የመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራልን ያሠሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው በ1993 ዓ.ም. በዚያው ካቴድራል ማረፋቸውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን።

ወደ መከራው ታሪክ እንለፍ። የኢማም አሕመድ ኢብራሂም፣ በአገራችን ግራኝ የተባለው ጦር በ1521 ዓ.ም. በሽምብራ ኩሬ የንጉሡን ሠራዊት ድል አድርጎ ነበር። በ1524 ዓ.ም. መጀመሪያ በአምባሰል በኩል የነበረው መከላከያ ሲሰበር የቤተ አምሐራ በር ተከፈተ። የጦርነቱን ታሪክ በዐረብኛ የጻፈው ሺሃብ አድ ዲን አሕመድ፣ ዐረብ ፋቂህ የሚባለው ሰው፣ ጦሩ መካነ ሥላሴ በደረሰ ጊዜ የሆነውን በዝርዝር ይተርካል። ኢማሙ ወደ ውስጥ በገባ ጊዜ ከብልጭታው የተነሣ ዐይኑ ተወሰደ፤ ከእርሱ ጋር የነበሩትን ዐረቦች ጠርቶ፣ በሮም ወይም በህንድ ወይም በሌላ አገር ይህን የሚመስል ሕንፃ አይታችሁ ታውቃላችሁን ብሎ ጠየቃቸው። እነርሱም አይተንም ሰምተንም አናውቅም ብለው መለሱለት። ከዚያ በኋላ ወታደሮቹ በመጥረቢያ ወርቁን ከእንጨቱ ይልጡ ጀመር፤ ከቀትር በኋላ የጀመሩት ሥራ እስከ ሌሊት ቆየ። እያንዳንዱም የቻለውን ያህል ያዘ። በመጨረሻም ሕንፃው በእሳት ተቃጠለ፤ ከወርቁም ሲሶ የሚበልጠው ከሕንፃው ጋር ተቃጠለ ብሎ ጸሐፊው ራሱ ይመሰክራል።

የጠላት ምስክርነት ዋጋ አለው። ጸሐፊው የጌታውን ድል ከፍ ለማድረግ የጻፈ ቢሆንም፣ የፈረሰው ሕንፃ እንዴት ያለ እንደ ነበረ ባያደንቅ ኖሮ ዛሬ የምናውቀው እጅግ ባነሰ ነበር። ነገር ግን የሰጠን ቍጥር ሁሉ እንደ ተጻፈ የሚቀበሉት አይደለም። ወርዱ መቶ ክንድ፣ ርዝመቱም እንዲሁ መቶ ክንድ፣ ከፍታው ከመቶ ኀምሳ ክንድ በላይ ነበረ ይላል። አንድ ቀን በትምህርት ቤት ግቢ ተማሪዎቼን በክንድ አስለክቼ መቶውን በሜትር ብናሰላው ወደ 46 ሜትር ሆነ፤ መቶ ኀምሳውም ወደ 70 ሜትር ይጠጋል። በአክሱም ወድቆ የተሰበረው ታላቁ ሐውልት እንኳ 33 ሜትር ነው። ከእርሱ እጥፍ የሚበልጥ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ቢሆን ኖሮ፣ የዓምዶቹን ቁመት ከመርከብ ምሰሶ ጋር ያመሳሰለው አልቫሬዝ ሌላ ምሳሌ ለመፈለግ በተገደደ ነበር። የከፍታውን ቍጥር እንግዲህ ለአድናቆት እንተውለት። የወርዱና የርዝመቱ ግን በረንዳው ከነዓምዶቹ አብሮ ተቈጥሮ ከሆነ ከእውነት ብዙ የራቀ አይመስለኝም። አንድ ተማሪ ይህን በሰማ ጊዜ፣ ታዲያ ውሸት ጽፎአልን ብሎ ጠየቀኝ። ሕንፃ ሲቃጠል በሌሊት ያየ ሰው ከፍታውን በእሳቱ ነበልባል ይለካዋል እንጂ በክንድ አይለካውም አልሁት።

ስለ ዘመኑም እንዲሁ ነው። ዐረብ ፋቂህ ዐፄ ናዖድ 13 ዓመት እንደ ሠሩ፣ ሥራውም 25 ዓመት እንደ ፈጀ ጽፎአል። ሃያ አምስቱን ዓመት ከልብነ ድንግል መንገሥ ጀምረን ብንቈጥረው 1525 ዓ.ም. ላይ ያደርሰናል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ ከተቃጠለ ዓመት አልፎት ነበር። ስለዚህ ሃያ አምስቱ የአባትና የልጅ ዘመን አንድ ላይ ተደምሮ ሊሆን ይገባዋል። ከ1500 ዐሥራ ሦስት ሲቀነስ 1487 ነው፤ ይህም ዐፄ ናዖድ የነገሡበት ዓመት ነው። በዚያ ላይ 25 ሲጨመር 1512 ይሆናል፤ ይህም አልቫሬዝ አገራችን የገባበት ዓመት ነው። እርሱ ሕንፃው ተፈጽሞ፣ የዐፄ ናዖድም ዐፅም ሲፈልስ የነበረበትን ጊዜ ደርሶበታልና ሁለቱ ምስክሮች ሳይተዋወቁ በአንድ ዘመን ላይ ተገናኙ።

በወርቁ ነገር ግን ይለያያሉ፤ ይህም ለዛሬው ሰው የሚጠቅም ልዩነት ነው። እንግዳው በሩን ቀርቦ አይቶ ስስ ልባጥ ነው አለ። የጦሩ ጸሐፊ የወርቅ ሰሌዳ ነው አለ። በቀለም መልክ የተቀባ ወርቅ ቢሆን ኖሮ በመጥረቢያ ሊላጥ አይችልም ነበር፤ ወፍራም ሰሌዳ ቢሆን ደግሞ አልቫሬዝ ልባጥ ነው ባላለ ነበር። ወርቁ በስሱ ተቀጥቅጦ በእንጨት ላይ በምስማር የተመታ ነበረ ብንል ሁለቱም እውነት ተናገሩ።

መካነ ሥላሴ ለ25 ዓመት ተሠርቶ ዐሥራ አንድና ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ብቻ እንደ ተቀደሰበት ማሰብ ያሳዝናል። እዚያ ለማገልገል የገቡ ቀሳውስት ሲቃጠል ገና አላረጁም ነበር። ንጉሡም ከአምባ ወደ አምባ ሲሰደዱ ኖረው መስከረም 5 ቀን 1533 ዓ.ም. በደብረ ዳሞ ዐረፉ። በአባታቸው አጠገብ አልተቀበሩም።

አትሮንስ ማርያምም በዚያው ዘመን ተቃጥላለች። ይሁን እንጂ ስለ እርስዋ አንድ ታሪክ ሳልነግር ማለፍ አልወድም። በዐፄ በእደ ማርያምና በልጆቻቸው ዘመን ኒኮላ ብራንካሌዎን የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ወደ አገራችን መጥቶ በቤተ መንግሥቱ ብዙ ዘመን ኖረ፤ አልቫሬዝም አግኝቶታል፤ ሰው ሁሉ መርቆሬዎስ ይለው ነበር። ይህ ሠዓሊ እመቤታችንን ልጅዋን በግራ ክንድዋ እንደ ታቀፈች አድርጎ ሣላት። በአውሮፓ እንዲህ መሣል የተለመደ ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ቀኝ የክብር፣ ግራ የውርደት ምልክት ስለ ሆነ ሕዝቡ ታወከ። ንጉሡ ግን ሥዕሉን አጸደቁት። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1760ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን ሳለ እንደ ሰማው፣ ይህ ሥዕል በአትሮንስ ማርያም ተቀምጦ ከብዙ ጥፋት ተርፎ ከኖረ በኋላ፣ በዐፄ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ ይኸውም ከ1700 እስከ 1704 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ በዐባይ ዳር በተደረገ ጦርነት ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ጠፋ። በእልፍኛችን የሰቀልናቸውን የእመቤታችንን ሥዕሎች ልብ ብንላቸው ዛሬ ልጅዋን በግራዋ የታቀፈችባቸው ብዙ ናቸው፤ ማንም አይታወክባቸውም።

ከግራኝ ጦርነት በኋላ ነገሥታቱ ወደ ቤተ አምሐራ ለመኖር አልተመለሱም። የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ ጣና ዙሪያ፣ በኋላም ወደ ጎንደር ሄደ። አገሩ የኦሮሞ ሕዝብ በሰፈረበት ጊዜ ስሙም ወሎ ሆነ፤ እስላምና ክርስቲያን ተጋብቶ፣ ተዛምዶ፣ በአንድ ገበያ እየዋለ የሚኖርበት ምድር ሆነ። ከአያት ወገን ሼህ፣ ከሌላው ወገን ቄስ የሌለው ቤተሰብ በዚህ አገር ጥቂት ነው። ስለዚህ የመካነ ሥላሴን ጥፋት የሚተርክ ሰው በጎረቤቱ ላይ ቂም እንዲነሣ አድርጎ ቢተርከው ታሪክንም ጎረቤቱንም በድሎአል። ከሦስት መቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም.፣ በዚሁ በወሎ በመቅደላ አምባ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የሰበሰቡትን ንዋያተ ቅድሳትና መጻሕፍት የዘረፈው ጦር የክርስቲያን አገር ጦር ነበረ። ከዚያ የተወሰዱት 350 ያህል የብራና መጻሕፍት በለንደን ከተማ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የተዘረፈውን የት እንዳለ አውቆ ይመለስልኝ ማለት ይቻላል። የተቃጠለውን ግን ማን ይመልሰዋል?

ቢሆንም እሳት ሁሉን አይበላም። እንጨቱና መጋረጃው ነደዱ፤ ድንጋዩ ግን ይቀራል። በአገራችን የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ባለበት ሁሉ ጥርቡ ድንጋይ ለአጥር፣ ለጎተራ መቀመጫ፣ ለቤት ደጃፍ ሲወሰድ ማየት የተለመደ ሆኖአል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የተቀበረ ወርቅ አለ የሚለው ወሬ ነው። በሌሊት ዶማና አካፋ ይዞ ወደ ፍርስራሽ የሚወርድ ሰው በየአገሩ አለ፤ ደብተራ አስጠንቁሎ የሚወርድም አይጠፋም። ወርቁን ለማግኘት አንድ ሌሊት ሙሉ መጥረቢያ የያዘ ሠራዊት ደክሞበታል። ልባጡም ስስ ነበረ። ከዚያ ጦር እጅ ያመለጠ ምን ይገኛል ብሎ ነው ዛሬ አንድ ገበሬ በአንድ ዶማ የሚቆፍረው?

ቆፋሪው የሚያጠፋው ግን ከወርቅ የሚበልጥ ነገር ነው። ለምሳሌ እንዲህ ያለውን እንመልከት። ሠላሳ ስድስት የእንጨት ዓምዶች ዙሪያውን ቆመው ከነበረ፣ እያንዳንዱ ዓምድ የተቀመጠበት የድንጋይ መሠረት ሊኖረው ይገባል፤ እንጨት በእርጥብ መሬት ላይ ብቻውን አይቆምም። እነዚያ መሠረቶች ሳይነቃነቁ በቦታቸው ቢገኙ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት በገመድ ተለክቶ የበረንዳው ርዝመትና ወርድ ይታወቃል፤ መቶ ክንድ እውነት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክርም ያን ቀን ያልቃል። የመቅደሱ መሠረት ወደ ምሥራቅ እንዴት እንደ ዞረ፣ የዓምዱ ረድፍ ስንት እንደ ነበረ፣ የዐፄ ናዖድ መቃብር በየትኛው በኩል እንደ ሆነ ምድሪቱ ትናገራለች። አንዱ ድንጋይ ለአጥር ሲነሣ ግን ከዚያ ምስክርነት አንድ ቃል ይጎድላል፤ ዐሥሩ ሲነሡ ዐረፍተ ነገሩ ይፈርሳል።

በመካነ ሰላምና በቱሉ አውሊያ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ፤ ከእነርሱ መካከል ስለ ጥንት ሕንፃ የሚማሩ ወጣቶች ቢኖሩ፣ ወደ ሩቅ አገር ሳይሄዱ እግራቸው ሊደርስበት በሚችል ስፍራ ሥራ ይጠብቃቸዋል። በየደብሩ ያሉ ሽማግሌዎችና ካህናትም፣ በአጥራቸው ውስጥ አበባ ወይም ሐረግ የተፈለፈለበት ድንጋይ ያላቸው፣ ከየት ኮረብታ እንደ ተነሣ አባቶቻቸው የነገሯቸውን ለልጆቻቸው ቢያስጽፉ መልካም ነው። ድንጋዩን አሁኑኑ አንሥተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከመውሰዳቸው አስቀድሞ ግን፣ በምን ቦታና በየትኛው ገጹ ተኝቶ እንደ ተገኘ ይጻፍ፤ ቢቻልም ፎቶግራፍ ይነሣ። በበጎ ሐሳብ የተነቃነቀ ድንጋይም በክፉ ሐሳብ ከተነቃነቀው ጋር እኩል ዝም ይላልና።